«በእጅ ያደገ ነው» የሚባልላችሁን ግራጫ በቀቀን ዓይኑን ሳታዩ አትግዙ

የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ «የስድስት ወር ጫጩት ነው፤ ከሰው እጅ እየጎረሰ ያደገ ስለሆነ በሳምንት ውስጥ ትከሻህ ላይ ይቀመጣል» ተብዬ የገዛሁት ወፍ ከጫካ ተይዞ የመጣ ጎልማሳ ነበር። ወንድ የተባለውም በዘረመል ምርመራ ሴት ሆና ተገኘች፤ በመልክማ ወንዱን ከሴቷ መለየት አይቻልም።

ዕድሜዋን ግን ማንም ሰው አይቶ ሊያውቅ ይችል ነበር። የግራጫ በቀቀን ጫጩት ዓይን ጠቆር ያለ ነው። ወራት ባለፉ ቁጥር እየፈዘዘ ግራጫ ይሆናል፤ ወደ ቢጫ የሚለወጠው ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። የእኔዋ ዓይን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ገለባ ቢጫ ነበር። እንደዚህ ያለ ዓይን ያለው የስድስት ወር ጫጩት የለም።

ሻጩ የእግሯን ቀለበት እያሳየ «በሰው ቤት ለመፈልፈሉ ማስረጃው ይኸውልህ» ብሎኝ ነበር። ክብደት ያለው ማስረጃ መገጣጠሚያ የሌለው ድፍን ቀለበት ነው፤ ጫጩቱ እግሩ ሳይሰፋ ይጠልቅለታል፣ ካደገ በኋላ ግን አይገባም። የእርሷ ቀለበት ክፍት ሆኖ የተገጠመ ነበር። እንዲህ ያለውን በየትኛውም ዕድሜ ማሰር ስለሚቻል ምንም አያረጋግጥም።

ያን ዕለት እንቅስቃሴ አልነበራትም፤ እኔም ረጋ ያለ ጠባይ መሰለኝ። በፍርሃት ደርቃ ነው። ቤት ደርሰን እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋ ጥግ ይዛ እንደ ውሻ አጉረመረመችብኝ። የክንፏ ላባ ከሥሩ ተቆርጦ ስለነበር ለመሸሽ ስትዘል በደረቷ ወለሉ ላይ ትወድቃለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የደረቷን ላባ በገዛ ምንቃሯ መንቀል ጀመረች። ሻጩ መጀመሪያ «ቦታ ስለቀየረ ነው» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም።

መላመዱ በሳምንት አልመጣም። በየምሽቱ ከጎጆዋ ራቅ ብዬ፣ ፊት ለፊት ሳላያት፣ ጎኔን ሰጥቻት ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ሲሄዱ ሲሄዱ ወንበሬን አንድ ስንዝር አስጠጋሁ። በአምስተኛው ወር የለውዝ ፍሬ ከጣቴ ወሰደች፤ ያን ምሽት እንባዬ መጣ። ዛሬም ትከሻዬ ላይ አትቀመጥም፤ እኔም አልጠብቅባትም። ይህ ወፍ በሰው ቤት 40፣ አንዳንዴም 60 ዓመት ሊኖር ይችላል። ሻጩ የዋሸኝ ስለዚህን ያህል ዘመን አብሮ መኖር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው) ስምምነት አባል አገሮች ግራጫ በቀቀንን ከፍተኛ ጥበቃ በሚደረግላቸው እንስሳት መዝገብ አስገብተውታል። ውሳኔው ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማሻገር የተከለከለ ነው። «በእጅ ያደገ» የምትለዋ ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች።

ስለዚህ ወፉ የተፈለፈለበትን ቦታ ሄዳችሁ ካላያችሁ፣ የቀለበቱ ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ካልተመሳሰለ አትክፈሉ። ሻጩ ጣቱን ዘርግቶ ወፉ ሳይሸሽ ሲወጣበት ተመልከቱ። የእንስሳት ሐኪም ሳያየውም ወደ ቤት አታስገቡት፤ ፕሲታኮሲስ የሚባለው የወፎች በሽታ ወደ ሰው ተላልፎ ሳንባን ያጠቃል፣ ሌላ ወፍ ካላችሁ ደግሞ እርሱም አደጋ ላይ ነው።

ወፉ አሳዝኗችሁ «ላድነው» ብላችሁም አትግዙ። እኔ ያን ዕለት መፍራቷን ዓይቼ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ አደርግ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከባድ ነው። ግን የምትከፍሉት ገንዘብ ለሚቀጥለው ወጥመድ መግዣ ይሆናል። ይልቅ የሻጩን መልእክቶች፣ የወፉን ፎቶግራፍና የቀለበቱን ቁጥር ይዛችሁ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አመልክቱ።