ኤኤምዲ ወይስ ኢንቴል? አክሲዮን ለመግዛት ላሰባችሁ

ሁለቱም የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። የኤኤምዲ ደጋፊዎች ቀድመው የሚያነሱት ሰርቨሩን (የዳታ ማዕከል ኮምፒውተሮችን) ነው፤ አልተሳሳቱም። ኩባንያው ኤፒክ የተባለውን ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያወጣ በሰርቨር ገበያ ላይ የለም ማለት ይቻል ነበር። በ2025 ግን ከሩብ በላይ ይዟል። ይህ በተሸጠው ቺፕ ብዛት ነው። በገንዘብ ከተሰላ ድርሻው ከዚያም ይበልጣል፤ የሚሸጣቸው ብዙ ኮር (የስሌት ክፍል) ያላቸው ውድ ቺፖች ናቸውና። ሁለት ሰዎች በድርሻ ቁጥር ሲጨቃጨቁ ካያችሁ፣ አንዱ በፍሬ ሌላው በዶላር እየቆጠረ መሆኑን አጣሩ።

ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ «ይህን ፊልም አይተነዋል» ይላሉ። ኤኤምዲ በ2003 ኦፕተሮን የተባለውን የሰርቨር ቺፕ አውጥቶ በ2006 ወደ ሩብ ተጠግቶ ነበር። ኢንቴል ሲነቃ ያ ሁሉ ተነነ። የአሁኑም ድል ግማሹ የኢንቴል ውድቀት ነው፦ 10 ናኖሜትር የተባለው የቺፕ አመራረት ዘዴው ዓመታት ዘገየበት፣ በሐምሌ 2020 ደግሞ ቀጣዩ 7 ናኖሜትሩም እንደሚዘገይ ሲናገር አክሲዮኑ በአንድ ቀን 16 በመቶ ገደማ ወረደ። ፋብሪካዎቹን በ2009 የለየው ኤኤምዲ በበኩሉ ሥራውን ለታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ሰጥቶ ገሰገሰ።

ስለዚህ ኢንቴልን የሚገዛ ሰው ስለ ገበያ ድርሻ ብዙም አይጨነቅ፤ የሚገዛው ፋብሪካ ነው። 18ኤ የተባለው የአመራረት ዘዴ ከሠራና ሌሎች ኩባንያዎች ቺፓቸውን ሊያሠሩበት ከመጡ ያተርፋል። የትርፍ ክፍፍል የሚጠብቅ ግን ይቅርበት፤ በ2024 ቆሟል። የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 2025 አንዱን አክሲዮን በ20.47 ዶላር ሒሳብ 10 በመቶ ገደማ መያዙ ለአንዳንዱ ዋስትና ነው፤ ለእኔ ጣልቃ ገብነት ነው።

ለዓመታት ለሚያስቀምጥ ሰው ኤኤምዲን እመርጣለሁ፣ በማንኛውም ዋጋ ግን አይደለም። አሁን ዋጋው ውስጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተስፋ ገብቶበታል፤ በጥቅምት 2025 ቻትጂፒቲን ከሠራው ከኦፕንኤአይ ጋር የተፈራረመው ውል እስከ 160 ሚሊዮን አክሲዮን ለደንበኛው ሊያስረክብ ይችላል፣ ይህም የነባሩን ባለድርሻ እጅ ያሳንሳል።

ክርክሩ ላይ እምብዛም የማይነሳው ሦስተኛው ወገን ነው፦ የራሳቸውን የሰርቨር ቺፕ የሚነድፉ ኩባንያዎች። የአማዞን ግራቪተን፣ የጉግል አክሲዮን (ስሙ ነው፣ ሼር አይደለም) እና የማይክሮሶፍት ኮባልት አርም በተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ዲዛይን የተሠሩ ናቸው፤ ከሁለቱም ይቀማሉ። የድርሻ ቁጥር ስታነቡ አርም ተቆጥሮ እንደሆነ ወይም የኢንቴልና የኤኤምዲ ብቻ እንደሆነ እዩ።