ደሴ ላይ ለእናቴ የወገብ ሕመም ያገኘነው የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ከጦሳ ግርጌ ካለው ቤታችን ወደ ፒያሳ ቁልቁል ስትወርድ ሁለቱም ባቶቿ ይደነዝዛሉ፤ ከወገቧ ተነሥቶ እስከ እግሯ ጣት የሚዘልቅ ሕመምም ያስቆማታል። ቆማ ብታርፍ አይተዋትም፤ አጎንብሳ ስትቀመጥ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃታል። ዳገቱን ስትመለስ ከቁልቁለቱ ይልቅ የሚቀላት ለምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ሁሉ እንቆቅልሽ ሆኖብን ቆይቷል።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ለወራት ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ብቻ እየደጋገመ ሰጣት። የደም ግፊት ላለባት ሴት እንዲህ ያለው መድኃኒት ሲደጋገም ግፊትን እንደሚጨምርና ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳስብ አሁንም አዝናለሁ። በኋላ በኤምአርአይ ስትመረመር በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ መጥበቡ ታወቀ፤ ሐኪሙም ከቀዶ ሕክምና በፊት ፊዚዮቴራፒ እንድትሞክር ወደዚህ የደሴ ክሊኒክ ላካት።

ባለሙያው የኤምአርአዩን ፊልም ከማየቱ በፊት «እማማ፣ ቡና ሲያፈሉ ያምዎታል?» ብሎ ጠየቃት። «በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳፈላ ምንም አይለኝ፤ ቆሜ እንጀራ ስጋግር ነው የሚብሰኝ» አለችው። እሱም የፕላስቲክ አከርካሪ አንሥቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያጠፈ አሳያት። በዕድሜ ብዛት በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ሲያብጥ፣ ጅማቱ ሲወፍርና አጥንቱ ትርፍ ሲያበቅል ቦዩ ይጠባል፤ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወይም ወደ ኋላ ሲለጠጥ የባሰ ይጠባል፣ ሲያጎነብስ ግን ከፈት ይላል። ዳገት የሚወጣ ሰው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ቁልቁለት የሚወርድ ደግሞ ወደ ኋላ ይለጠጣል። የሁለት ዓመት እንቆቅልሻችን በዚህ ተፈታ።

ሕክምናው በሳምንት ሁለት ቀን ሆኖ በአጠቃላይ 10 ጊዜ ነበር። የራሷን ጋቢ ጠቅልሎ ከጉልበቷ ሥር አስገባላትና በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቶቿን አንድ በአንድ ወደ ደረቷ እንድትስብ፣ ሆዷን አጥብቃ ወገቧን ከፍራሹ ጋር እንድታገናኝ አስተማራት። ስታቃስት «አብሽሩ እማማ» እያለ ይጠብቃት ነበር እንጂ አያቻኩላትም። በቆመ ብስክሌት ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብላ መንዳቱን ከሁሉ አብልጣ ወደደችው፤ ሙቀቱና የኤሌክትሪክ ማሽኑ ግን ለዚያው ሰዓት ከማስታገስ አልፈው የጠቀሟት አይመስለኝም። ስትጋግር አንድ እግሯን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ እያሳረፈች እንድታፈራርቅ የሰጣት ምክር ደግሞ ከማሽኑ ሁሉ በልጦ አግዟታል።

«የጠበበው ቦይ በስፖርት አይሰፋም፤ የምንፈልገው ሕመሙ ቀንሶ እንዲንቀሳቀሱ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነግሯታል። ሽንት መቆጣጠር ካቃታት፣ በጭኖቿ መካከል ከደነዘዛት ወይም እግሯ በድንገት ከዛለ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንድትሄድም አስጠንቅቋል፤ ነርቭ ሲታፈን የሚዘገይ ቀዶ ሕክምና የማይመለስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህን ሳይነግር ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያ ጋር ወላጁን የሚወስድ ሰው ቢጠነቀቅ ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ ስለ ቦታው ነው። ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ ለወገብ ሕመምተኛ መውረዱ ከሕክምናው ይከብዳል። የገበያ ቀን በሆነው ሰኞ ሰልፉ ስለሚረዝም ሌላ ቀን መቅጠር ይሻላል። እንቅስቃሴዎቹን በጽሑፍ ብቻ ስለሚሰጡ፣ ማንበብ ለማትችለው እናቴ ባለሙያውን አስፈቅጄ በስልኬ ቀረጽኩላት። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱን እያየች ትሠራለች፤ ሰኞ ገበያም ምርኩዟን ይዛ፣ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምጣ ትደርሳለች።