ስምንት ወር የተራራ ጫማ፣ አንዲት መንጠቆ

ይህን የተራራ ጫማ ማድረግ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ስለ ሰባቱ ወር የማወራው ነገር የለም። ተመቸኝ፣ ሄድኩበት፣ ጭቃውን ጠረግኩ፣ አስቀመጥኩት። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት መንጠቆ ነው።

መንጠቆ የምላት ከክር ቀዳዳዎቹ በላይ፣ እግር ከቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት ላይ ያለችውን፣ ክሩ የሚጠለፍባትን ትንሽ ብረት ነው። በየጎኑ ሦስት ሦስት አለ። ከላይ ያሉት ቢጠፉ ብዙም አልከፋም። የታችኛዋ ግን ሌላ ናት። ተረከዝን ወደ ኋላ ስባ የምትይዘው እሷ ናት። ይህን ያወቅሁት ከሄደች በኋላ ነው።

ባለፈው ወር የአራት ቀን ጉዞ ወጣን። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ሸንተረሩን ይዞ መሄድ ብቻ ነው። በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል፣ መሀል ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ ድንጋይ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ኪሎ ሜትር ቢቆጥሩ ዋጋ የለውም፤ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዱ ቋጥኝ ወደ ሌላው ስሻገር ቀኝ እግሬ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ጎትቼ ሳወጣው የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እግሬ ደህና ነው። ድንጋዩም ደህና ነው። መንጠቆዋ ግን ከቦታዋ የለችም።

ክሩ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ገልብጬ አየኋት። ጭራዋ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቆዳ ተጣብቃለች። ከኋላ የሚደግፋት ቀለበት አልነበረም። ቆዳውን በስታ፣ ጭራዋን ዘርግታ፣ በቃ እንዲሁ ነው የተቀመጠችው። አንድ ስስ የብረት ቀለበት ቢደረግላት ኃይሉ ሰፋ ባለ ቆዳ ላይ ያርፍ ነበር። ይሄ ሁሉ ቆዳ፣ ይሄ ሁሉ ላስቲክ ወጥቶበት የተቆጠበው ቀለበት!

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ከመንገድ ውጭ ስለሄዱበት ነው።» ወንድሜ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ሰውዬ እኮ የቆመው ቋጥኝ ጫፍ ላይ ነው! አስፋልት ላይ አላቆማችሁትም። «ዋናው ሶሉ ነው፤ ሶሉ ደግሞ ምንም አልሆነም።» ታዲያ እግሬ የሚታሰረው በሶሉ ነው?

እርግጥ ስለ ተራራ ጫማ ሲወራ ሁሉም ሰው ገልብጦ ሶሉን ነው የሚያየው። ምክንያት አለው። ድሮ ምስማር የተመታበት የቆዳ ሶል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ ስድስት የተራራ ጓደኞቹን አልፕስ ላይ አጣ፤ ጫማቸው ለዚያ ቦታ የማይሆን መሆኑ እንደ አንድ ምክንያት ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ነው ጥርስ ያለውን የላስቲክ ሶል ያወጣው። እ.ኤ.አ. በ1954 በዓለም በከፍታ ሁለተኛው ተራራ ኬ-ቱ ጫፍ ላይ መጀመሪያ የወጡት ጣሊያኖችም ያንን ሶል አድርገው ነበር። እሺ፣ ገባኝ። የእኔም ሶል ጣት በማይሞላ ጠርዝ ላይ እንኳ አላዳለጠኝም። ግን ሶል የሚይዘው ድንጋዩን ነው። እግሬን ማን ይያዝልኝ?

ዳገቱ ላይ ብዙም አልታወቀኝም። ቁልቁለቱ ሲመጣ ጉድ ፈላ። በእያንዳንዱ እርምጃ እግሬ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አውራ ጣቴ የጫማውን አፍንጫ ይደልቃል። ከላይ ደግሞ ቦርሳው ይገፋኛል። ማታ ድንኳን ውስጥ ካልሲዬን ሳወልቅ ጥፍሬ ጠቁሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መላ አገኘሁ። የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ስደርስ ክሩን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አጠላልፌ መሳብ። ይህ ድርብ ጥምዝ የታችኛውን ክር እንደጠበቀ ይይዘዋል፤ ከላይ ቢላላም ወደ ታች አይወርድም። ከማሰሬ በፊት ደግሞ ተረከዜን መሬት ላይ ደቅ ደቅ አድርጌ ወደ ኋላ እገፋዋለሁ። ሠራ። መቶ በመቶ አይደለም፤ በየጊዜው መቆም፣ ጓንት ማውለቅ፣ ነፋስ እየገረፈኝ እንደገና ማሰር ነበረብኝ። ግን ወጣሁበት።

ስመለስ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ቀዳዳውን በቆዳ ደግፎ፣ ከኋላ ቀለበት አድርጎ አዲስ መንጠቆ መታበት። አስር ደቂቃ አልፈጀበትም። «ሌሎቹንስ ላድርግልህ?» አለኝ። ሌሎቹ ደህና ናቸው አልኩት።

ይገዛ ወይስ አይገዛ? ጥፍሬን ከጠየቃችሁት አይገዛ። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ቂሜም ቢያንስ እስከዚያ ይቆያል። ትናንት ማታ ግን ለሚቀጥለው ጉዞ ያወጣሁት ይህንኑ ጫማ ነው። የግራውን መንጠቆዎች አንድ በአንድ ነቅነቅ አደረግኳቸው። የታችኛዋ ትነቃነቃለች።