የዋንዛ ዘመድ ይዤ ተመለስኩ

የመጀመሪያዋን ዩኩሌሌ፣ ጊታር የምትመስለውን ትንሽ ባለ አራት አውታር መሣሪያ፣ የገዛሁት ፎቶ አይቼ በኢንተርኔት ነው። 70 ዶላር። ጀርባዋ ላይ ፈንገስ የሣላቸው ጥቁር መስመሮች እንደ ካርታ የሚዞሩበት የሜፕል እንጨት ነበራት። ስታምር! ደርሳ ስቃኛት ግን ጉዷ ወጣ። አራቱም አውታሮች ተቃኝተው እንኳ 12ኛው ፍሬት (አንገቷ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች አንዱ) ላይ ስጫን ድምፁ ከልኩ ያልፋል። እንጨት ያልኩትም ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ስስ ልባጭ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሜሪላንድ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።

ስለዚህ ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴ ጋር ሐዋይ፣ ሆኖሉሉ ስንሄድ፣ ሳልነካና ሳልሰማ ላልገዛ ማልኩ። ቦታውስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ1879 ራቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከማዴይራ ደሴት የመጡ ፖርቱጋላውያን እዚሁ ወደብ ወረዱ። አናጺዎች አብረዋቸው ነበሩ። ማሼት የምትባለውን ትንሽ ባለ አውታር መሣሪያቸውን በአገሩ እንጨት መሥራት ጀመሩ፤ ዩኩሌሌ ከዚያ መጣች።

የፈለግኩት ሶፕራኖ ነው፤ ትንሿን፣ ርዝመቷ 53 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነውን። እኔ የክራር ሰው ነኝ፣ ትልቅ ነገር አልፈልግም። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የዩኩሌሌ አውታሮች ጂ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤ ናቸው። ከሲ የሚነሣ ትዝታ ሜጀር ብትጫወቱ ምንም ሳትጫኑ አራቱም ድምፆች ቅኝቱ ውስጥ ናቸው። የጎደለው ዲ ብቻ ነው፤ እሱም የሲ አውታር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ይገኛል።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፣ አይቸኩሉም፣ አይወተውቱም። አምስት ሶፕራኖ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩልኝ።

መጀመሪያ ያነሣሁት ኮአ ነው። ኮአ የሐዋይ ግራር ነው በሉት፤ የአካሺያ ወገን ሆኖ ከሐዋይ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም። ይሄኛው ሞገድ ያለው ነበር። ብርሃን ላይ ስታገላብጡት መስመሩ እንደ ሐር ጨርቅ ይንቀሳቀሳል። ዋጋው ከሺህ ዶላር በላይ። አጠገቡ ያለው መስመር የሌለው ኮአ በብዙ ይረክሳል። ዞሬ ቆምኩና ሽማግሌው ሁለቱን ተራ በተራ መቱልኝ። መለየት አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሞገዱ የእንጨቱ ጭረት እየተጣመመ ሲያድግ የሚመጣ ውበት ነው፤ የምትከፍሉት ለዓይናችሁ ነው። መክፈል ነውር አይደለም፣ ግን ለድምፅ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትሸውዱ።

ማንጎው ቢጫ፣ አረንጓዴና ሮዝ የተቀላቀለበት ነው። ለእኔ ዓይነቱ በዛብኝ። ማሆጋኒው ጥሩ ድምፅ አለው፣ መልኩ ግን ቁምሳጥን ይመስላል።

የመጨረሻው ኮው ነበር። ቡናማ፣ ጠቆር ያሉ መስመሮች ያሉት። ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ስልኬ ላይ ስፈልገው ኮርዲያ ይላል። ኮርዲያ? ዋንዛ እኮ ነው! የእኛው ዋንዛ ኮርዲያ አፍሪካና ነው፤ ኮው ደግሞ የባሕር ዳርቻ ዘመዱ። የጥንት ሐዋይ ሰዎች ጣዕም አያበላሽም ብለው የምግብ ሳህን ይሠሩበት እንደነበር ሽማግሌው ነገሩኝ። የእናቴ ገበቴም ዋንዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ምርጫ አለ?

ድምፁን በሐቅ ልናገር። ከኮአው ለስለስ ይላል፣ ጩኸቱም ያንሳል። ብዙ ሰው መሃል ለሚጫወት አልመክረውም። ለእኔ የምሽት ትዝታ በቂ ነው። ደግሞ ሙሉ እንጨት ነው። ይህን ለማወቅ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ እዩ፤ እንደ ሳንድዊች የተደራረበ መስመር ካያችሁ ኮምፔንሳቶ ነው። 12ኛውንም ፍሬት አራቱም አውታሮች ላይ ሞከርኩ። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ።

ጉድለቷ መቃኛዎቿ ናቸው። ጥርስ የላቸውም፣ በመጥበቅ ብቻ የሚይዙ ናቸው፤ የኤው ይንሸራተታል። ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር ማጥበቅ ነው፣ በቃ።

ክረምት ላይ የቤታችን ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ሳጥኗ ውስጥ፣ እርጥበት መስጫ አጠገቧ አድርጌ አስቀምጣታለሁ። ባለቤቴ ትስቃለች። «ያቺ የማትረባዋ ግድግዳ ላይ፣ ይቺ ሳጥን ውስጥ» ትላለች።