ጃካርታ ስንጮህ፣ ቶኪዮ ስንታፈን

ሁለት ሲኒማ ቤቶችን ላወዳድር ነው። አንዱ ጃካርታ ነው፣ የገበያ ማዕከል ፎቅ ላይ። ሌላው ቶኪዮ፣ ሺንጁኩ፣ ምድር ቤት ውስጥ የተቀበረ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁለቱንም ማማቴ አይቀርም።

ከጃካርታው ልጀምር። ለትኬቱ 50 ሺህ ሩፒያ ከፈልኩ። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ደረት ይመታል። ብርዱ ግን ጉድ ነው! ውጭ ሙቀቱ ያቀልጣል፣ ውስጥ ፍሪጅ ነው። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ጃኬት ይዘው መጥተዋል። እኔ በቲሸርት ተንቀጠቀጥኩ። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍም አልነበረም።

ግን ማን ጽሑፍ ፈለገ? ፊልሙ የፖቾንግ ነው። ፖቾንግ የመግነዙ ቋጠሮ ሳይፈታለት የተቀበረ ሙት ነው ይላሉ። እግሩ ስለታሰረ አይራመድም፣ እየዘለለ ነው የሚመጣው። ፖስተሩ ላይ ሳየው ስቄበት ነበር። በበሩ ስንጥቅ መጀመሪያ የታየው የአናቱ ቋጠሮ ብቻ ነው። ከዚያ ዱብ። ዝም። ዱብ። ከኋላዬ ያሉ እናት «አስተግፊሩላህ!» ብለው ሲዘሉ ፈንዲሻቸው አንገቴ ውስጥ ገባ። አዳራሹ ባንድ ድምፅ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ በገዛ ጩኸቱ ሳቀ።

የሆሊውድ ጭራቅ የሰው አገር ጭራቅ ነው። ፖቾንግን ግን እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ከአያቱ ሲሰማ ነው ያደገው። እርግጥ የኢንዶኔዥያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 የፊልሙን ዘርፍ ለውጭ ባለሀብት መክፈቱም የአገሬውን ፊልም ረድቷል። በ2022 የወጣው «ካካኤን ዲ ዴሳ ፔናሪ» የተባለ አስፈሪ ፊልም መነሻው ትዊተር ላይ በተከታታይ ልጥፎች የተጻፈ የሙት መንፈስ ታሪክ ነው፤ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶታል። ኢንዶኔዥያዎች የፊልም ስኬት የሚለኩት በገንዘብ ሳይሆን በሰው ቁጥር መሆኑን በጣም ወድጄላቸዋለሁ።

ጃፓኖቹ የሚቆጥሩት የን ነው። ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት 2020 የወጣው የ«ዲመን ስሌየር» አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ፊልም እዚያው አገር ውስጥ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል።

የሺንጁኩው አዳራሽ ግን ጠባብ ነው። ወለሉ ተዳፋት ስለሌለው የፊተኛው ሰውዬ ራስ ስክሪኑን ጋረደኝ። ፊልሙ ኮሜዲ ነበር፣ ሰዉ ግን የሚስቀው በአፍንጫው ነው። እኔ አንዴ ከት ብዬ ስስቅ ራሴን ታዘብኩ። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መሮጥ ሲጀምር ተነሳሁ። ማንም አልተነሳም! አፍሬ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። መብራት እስኪበራ አንድ ሰው ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሁሉም የጠጣበትን ብርጭቆ ይዞ ወጣና «ፓንፉሬቶ» ለመግዛት ተሰለፈ። የፊልሙ መጽሔት ነው፤ ፎቶ፣ የዳይሬክተሩ ቃለ ምልልስ፣ ወረቀቱ ወፍራም። ጃፓንኛ ማንበብ አልችልም። ገዛሁት።

ጃካርታ እመለሳለሁ፣ ጃኬት ይዤ። ሺንጁኩም እሄዳለሁ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ቦታ ካገኘሁ ብቻ።