የወፍጮ ሞተራችንን ላስነሱልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለወፍጮ ባለቤቶችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደብረ ብርሃን ከተማ ሞተርና የወፍጮ ዕቃ ለሚጠግኑ፣ እኛ ጋሼ እያልን ለምንጠራቸው ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ወፍጮ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ላላችሁ የከተማችንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ደግሞ ሙያቸውን ለመጠቆም ነው።

ባለ 10 የፈረስ ጉልበቱ ሞተራችን በቺንጊያው በኩል ያለው ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ በቀላሉ የሚያሽከረክረው፣ በሁለት ቀለበቶች መካከል ኳሶች ያሉት ክፍል) እየጮኸ መጋል የጀመረው በበዓል ሰሞን፣ የጤፉ ወረፋ ከደጅ አልፎ በሚሰለፍበት ወቅት ነበር። አስቀድመን ያነጋገርናቸው ጠጋኞች ኩሽኔታ መንቀያ ፑለርም ሆነ መግጠሚያ ፕሬስ በእጃቸው ስላልነበረ፣ ሞተሩ ተጭኖ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ መሄድ አለበት አሉን። ከመካከላቸው አንዱ አዲሱን በመዶሻ እየመታሁ አስገባዋለሁ ብሎ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አዘኑ፤ የውጨኛው ቀለበት ሲመታ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል እንደሚያልፍና በመሽከርከሪያው መስመር ላይ ዓይን የማያየው ጉድጓድ እንደሚተው፣ እንዲህ የተገጠመ ኩሽኔታም ገና ከጅምሩ እንደሚጮኽ በትዕግሥት አስረዱን።

እሳቸው የሌለውን መሣሪያ ከመጠበቅ ይልቅ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ በምን መሥራት እንደሚቻል አሰቡ። ሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ ብረቶችን ከኩሽኔታው ጀርባ በግራና በቀኝ አስገብተው፣ ከዘንጉ ጫፍ ፊት ከቆመ ሌላ ብረት ጋር በረጃጅም ብሎኖች አያያዟቸው። በፊተኛው ብረት መሃል ዳዶ አስበይደው ስለነበር፣ በእሱ ውስጥ የሚያልፈውን ብሎን በኪያቤ ጥቂት በጥቂት ሲያዞሩት ዘንጉን እየገፋ ኩሽኔታውን አወጣው፤ ዘንጉም አንዳች ጭረት አልነካውም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የአዲሱ አገጣጠም ነው። ኩሽኔታ ከ120 ዲግሪ በላይ ከጋለ የብረቱ ጥንካሬ ሊጎዳ ስለሚችል በቀጥታ እሳት ላይ አይደረግም፤ ጋሼ ደግሞ የሙቀት መለኪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ንጹሕ የሞተር ዘይት በትንሽ ድስት አድርገው፣ ድስቱን ውኃ በሚፈላበት ሰፊ ድስት ውስጥ አስቀመጡት፤ ኩሽኔታውንም የድስቱን ወለል እንዳይነካ በሽቦ አንጠለጠሉት። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዘይቱም ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኩሽኔታው ቀዳዳ በዚህ ሙቀት የሚሰፋው ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ያ በቂ ነበር። ሲሞቅ በወፍራም ጨርቅ ይዘው ዘንጉ ላይ ሰደዱት፤ ያለ አንዲት የመዶሻ ምት እስከ መቀመጫው ድረስ ገባ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ በወርዱም ስለሚኮማተር ክፍተት እንዳይፈጥር፣ ዘንጉን ጨምድዶ እስኪይዝ ድረስ በሁለት እጃቸው ተጭነውት ቆዩ፤ ከዚያም ግራሶ ሞሉት።

ሞተሩ ዛሬም ያለ ድምፅ እየሠራ ነው። ዋጋቸውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የነገሩን ሲሆን፣ ለብየዳ ቤቱ የከፈሉትን እንኳ ለብቻው ለይተው አሳዩን። እውነቱን ለመናገር ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚያጣድፍ ሰው ሊከፋው ይችላል። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ መጠቅለልም አይሠሩም፤ ይህን ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ።

ስልካቸውን በአደባባይ መለጠፍ ስለማይወዱ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ በአሮጌው ኩሽኔታ ጎን የተቀረጸውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። የእኛ 6308 ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞቹ (08) በአምስት ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት፣ 40 ሚሊ ሜትርን ይሰጣሉ። ለዚህ ዓይነት አገጣጠም አዲሱን ስትገዙ ክፍቱን ጠይቁ፤ የጎማ ክዳን ያለው ግራሶው በውስጡ ተሞልቶ ስለሚመጣ በዘይት ውስጥ አይሞቅም።