ቁጥሩን ልመን ወይስ ዓይኔን? የቤዝቦል ተጫዋች ለምትገዙ

ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። የቤዝቦሉ ፋንታሲ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኔን ዋሽንግተን ከመጣሁ በኋላ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው ጎትተው የከተቱኝ። የኛ ሊግ በጨረታ ነው። እያንዳንዱ ሰው 260 የምናብ ዶላር ይዞ 23 ተጫዋች ይገዛል። በመጀመሪያው ዓመት የገንዘቤን ሲሶ ያፈሰስኩት ቁመናቸውን በወደድኩላቸው ሁለት ልጆች ላይ ነበር። አንደኛው ኤፕሪል ሳያልቅ ወደ ማይነር ሊግ፣ ማለትም ከዋናው በታች ወዳለው ሊግ፣ ወረደ። ሳቁብኝ። ልክ ነበሩ።

እውነተኛዎቹ ክለቦችም በዚሁ ጥያቄ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ተጫዋቹን ሄዶ የሚያይ መልማይ ይሻላል ወይስ ስታቲስቲክስ የሚያገላብጥ ሰው? ለመግዛት ላሰባችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

መልማዩ

መልማይ ማለት የበዓል በግ ሲገዛ ላቱንና ወገቡን የሚዳብሰው አጎታችሁ ነው። ሰዓት መያዣና የኳስ ፍጥነት የሚለካ ራዳር ይዞ ከመቺው ኋላ ካለው መረብ ጀርባ ይቀመጣል። አምስት ነገር ያያል፦ ኳስ የማግኘት ችሎታ፣ የምት ጉልበት፣ ሩጫ፣ ክንድ፣ ኳስ አያያዝ። ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣል። 50 መካከለኛ ነው። 80 ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

መልማይ የሚጠቅመው ገና ቁጥር የሌለው ልጅ ላይ ነው። ሚጌል ቴሃዳ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ በድህነት ያደገ ልጅ ነበር። ኦክላንድ የሚባለው ክለብ በ1993 በ2,000 ዶላር አስፈረመው። በ2002 ከሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እንዲህ ያለውን ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚያገኘው የለም። ሄዶ ያየው ሰው ነው ያገኘው።

ዓይን ግን በቁመና ይሸነፋል። ቢሊ ቢንን ኒው ዮርክ ሜትስ የሚባለው ክለብ በ1980 በወጣት ተጫዋቾች ዓመታዊ ምርጫ በመጀመሪያው ዙር መረጠው። ረጅም፣ ፈጣን፣ መልከ መልካም፤ መልማይ የሚያልመው ዓይነት ልጅ። በከፍተኛው ሊግ 148 ጨዋታ ተጫውቶ አማካይ ምቱ፣ ማለትም ከሙከራዎቹ የተሳካው ድርሻ፣ 0.219 ብቻ ሆኖ ጨረሰ። በተቃራኒው ሆሴ አልቱቬ በ16 ዓመቱ ቬንዙዌላ ውስጥ ሂውስተን ለሚባለው ክለብ ሊፈተን ሄደ። አጭር ነህ ብለው ወደ ቤቱ ሸኙት። ልጁ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በ15,000 ዶላር ፈረመ። 1 ሜትር ከ68 በምትሆን ቁመቱ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ አማካይ ምት ባለቤት ሆነ፤ በ2017 ደግሞ የሊጉ ኮከብ። ያቺን ሁለተኛ ቀን ባይመጣስ?

ቁጥሩ

ሁለት መቺዎች አሉ እንበል። ሁለቱም 500 ጊዜ ለመምታት ሞከሩ። አንደኛው 150 ሂት አገኘ፤ ሂት ማለት መትቶ በሰላም ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ የሚቆምበት ማዕዘን፣ መድረስ ነው። አማካዩ 0.300 ነው። ሁለተኛው 130 አገኘ፤ 0.260። ድሮ ገበያው ሳያመነታ አንደኛውን ያነሳ ነበር። አሁን ዎክ ጨምሩበት። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከክልሉ ውጪ ከወረወረ፣ መቺው ዱላውን ሳያነሳ በነፃ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። አንደኛው ችኩል ነው፤ 20 ዎክ ብቻ አለው። ሁለተኛው ታጋሽ ነው፤ 90 አለው። ሂትና ዎኩን ደምራችሁ ለሙከራውና ለዎኩ ድምር ስታካፍሉት አንደኛው ቤዝ የሚደርሰው 0.327፣ ሁለተኛው 0.373 ነው። ያ ርካሹ ሰውዬ ነው ቡድናችሁን የሚጠቅመው።

ይህን ስሌት ወደ ገበያ ካወጡት ሰዎች ዋናው ማን ነው? ያው ቢሊ ቢን። በመልማይ ዓይን ተወድዶ የወደቀው ሰው የኦክላንድ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ስኮት ሃትበርግ የክርን ነርቩ ተጎድቶ እንደ ድሮው መወርወር ያቃተው ካቸር፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች፣ ነበር። ኦክላንድ በርካሽ ወሰደውና አንደኛ ቤዝ ላይ አቆመው። ሰውዬው በ2002 0.374 ቤዝ ደረሰ። ክለቡ በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዝ 103 ጨዋታ አሸነፈ። ከ120 ሚሊዮን በላይ የከፈሉት ያንኪስም ያሸነፉት 103 ነው።

ይህ ታሪክ ሲወራ ግን አንድ ነገር ይዘለላል። የዚያ ዓመት ኮከባቸው ቴሃዳ ነበር፤ በ2,000 ዶላር የተገኘው ልጅ። ሃድሰን፣ ማልደርና ዚቶ የሚባሉ ሦስት ድንቅ ወርዋሪዎችም ነበሯቸው። ዎክ ቆጥሮ ብቻ 103 አይመጣም።

ቁጥርም ያሳፍራል። ጄ.ዲ. ማርቲኔዝን ሂውስተን በማርች 2014 አሰናበተው። ሂውስተን ያኔ በቁጥር የሚምል ክለብ ነበር። ማርቲኔዝ በውድድር ዕረፍቱ የአመታት ስልቱን ከሥሩ ቀይሮ ነበር። በዝግጅት ጨዋታዎች 18 ጊዜ ብቻ እንዲመታ ዕድል ተሰጠው። ከዚያ ደህና ሁን። ዲትሮይት ወሰደው፤ በዚያው ዓመት 0.315 መታ፣ 23 ሆም ራን (ኳሱ ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍበት ምት) ጨመረበት። በ2017 ደግሞ 45 ሆም ራን። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የቆጠረው ግን የድሮውን ሰውዬ ነው። አዲሱ ሰውዬ ገና አልተቆጠረም ነበር። ይሄ ዓይን ያለው ሰው አጠገቡ ቢቆም የሚያየው ነገር ነው።

ከ2015 ወዲህ ነገሩ ተደባልቋል። በየስታዲየሙ የተተከለ ራዳርና ካሜራ ኳሱ ከዱላው ስንት ፍጥነት ይዞ እንደወጣ ይለካል። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ካለፈ ጠንካራ ምት ይባላል። ድሮ መልማዩ "ድምፁ ይለያል" ሲል የነበረው ነገር ቁጥር ሆነ። ቤዝቦል ሳቫንት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ።

እና የቱን?

ለብዙ ዓመት የተጫወተ ሰው ከሆነ ቁጥሩን እመኑ። አልጨቃጨቅም። ባልቲሞር በ2016 መጀመሪያ ለክሪስ ዴቪስ 161 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት ፈረመለት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 47 ሆም ራን መትቶ ነበር። በዚያው ዓመት ግን 208 ጊዜ በስትራይክ፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ስቶ፣ ወጥቷል። 47ቱን ያየ ይገዛል፤ 208ቱን ያየ ዋጋ ያስቀንሳል። በ2018 አማካዩ 0.168 ሆነ። ከዚያ ዓመት መጨረሻ እስከ ተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በተከታታይ 54 ጊዜ ሞክሮ አንድም ሂት ሳያገኝ ቆየ።

የሁለት ወር ቁጥርን ግን አትመኑ። ሜዳ ውስጥ ከቀሩ ምቶች ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ሂት ይሆናሉ። አንድ መቺ በሜይ ከአሥሩ አራቱን እያገኘ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዕድል ነው፤ ጁላይ ላይ ወደ ሦስቱ ይመለሳል። እሱን የያዘ ባልደረባ ካላችሁ ሊሸጥላችሁ ሲመጣ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ለጋ ልጅ ከሆነ መልማዮች የጻፉትን አንብቡ። አንዳንዴ ዓይኑም ቁጥሩም ይስማማሉ። የዋሽንግተን ሰው ሁዋን ሶቶን ያስታውሳል። በ2018 ገና በ19 ዓመቱ መጥቶ 0.406 ቤዝ ሲደርስ ሁሉም ወገን አጨበጨበ። እንዲህ ያለው ደግሞ ርካሽ አይገኝም፤ ሜትስ በ2024 መጨረሻ ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር አስፈርመውታል።

እኔ አሁን ከጨረታው በፊት በነበረው ማታ ከቁጥሩ ተነስቼ ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ ዋጋ እጽፋለሁ። ከዚያ ሻይ ይዤ ቪዲዮ አያለሁ። ዘንድሮ አንዱ ላይ 14 ዶላር ብዬ ጽፌ ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ ማንሳቱን ትቷል፤ ዱላውም ቀድሞ ይደርሳል። 14ቱን ሰርዤ 17 አልኩ። በጨረታው 17 ስል ባልደረባዬ 18 አለ። ተውኩለት።